ለጋሽ ዓብዱልፈታህ የተቀመጠው ዶሮ

አወል ሽማግሌ ልኮ እንዲህ ያለ መልስ ይመጣልኛል ብሎ በሕልሙም አላሰበም። ሽማግሌዎቹ ታኮማ ድረስ ነድተው፣ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ የቀረበውን ሻይ ጠጥተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው “ልጅዎን ለልጃችን” ሲሉ፣ ጋሽ ዓብዱልፈታህ ስለ ደመወዝ አልጠየቁም። ስለ ዘር አልጠየቁም። ይሰግዳል ወይ እንኳ አላሉም።

“ልጁን አላውቀውም” አሉ። “በዓመት በዓመቱ ኦገስት ላይ ውቅያኖሱ ዳር ካለው ጫካ ካምፕ እወጣለሁ። ዘንድሮ አብሮኝ ይውጣና አንድ ሌሊት ይደር። ከዚያ ደውዬ እነግራችኋለሁ።”

ይህን መልስ ይዞ የመጣው ሂሻም ነው። ሂሻም የአወል ጓደኛ ሲሆን ለሽምግልና የተመረጠውም ዕድሜው ደርሶ ሳይሆን ጢሙ ከእኩዮቹ ቀድሞ ስለሸበተ ነው።

“ሶ፣ ካምፕ ትችላለህ አይደል?” አለው።

“እኔ?” አለ አወል፤ ደረቱን ነፋ አድርጎ። “እኔ እኮ የጫካ ልጅ ነኝ!”

እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ አወል የተወለደው ደሴ ፒያሳ፣ ከአንድ የጨርቅ መደብር ጀርባ ነው። ጫካ የሚያውቀው በአውቶቡስ መስኮት ነው፤ ያውም እንቅልፍ ካልጣለው። ሲያትል ከመጣ ወዲህም ዛፍ ሲያይ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፦ መኪናዬን ከሥሩ ፓርክ ባደርግ ወፍ ያበላሽብኝ ይሆን?

ችግሩ የጀመረው ከሃዲያ ጋር በተዋወቁ ሰሞን ነው። ሃዲያ ታኮማ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት፤ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ፣ ቀልድ የማያመልጣት ልጅ። “አባቴ ጫካ ነፍሱ ነው” ስትለው አወል አፉ ቀደመውና “እኔም!” አላት። ማስረጃ ይሁነው ብሎም አንድ ፏፏቴ ዘንድ የተነሳውን ፎቶ ላከላት። ፎቶውን የተነሳው ፓርኪንጉ ላይ መሆኑን ግን አልነገራትም። ከመኪናው ሰባት እርምጃ እንኳ አልራቀም ነበር፤ ዝናብ ነበራ!

አሁን ነገሩ ፎቶ ከመላክ አለፈ። አወል ሃዲያን ይወዳታል። እንዲያው በዋዛ አይደለም፤ ስልኩ ሲጮኽ እሷ ካልሆነች ደዋዩን የሚጠላ ሰው ሆኗል። ያቺን አንድ ሌሊት ካበላሸ ጋሽ ዓብዱልፈታህ “አይሆንም” ይላሉ። ሃዲያ ደግሞ አባቷን አስቀይማ የምታገባ ልጅ አይደለችም።

ሮጦ ሄዶ ድንኳን ገዛ፤ ቡትስ ገዛ፤ የመኝታ ከረጢት ገዛ። ሲያትል ማውንት ቤከር ሰፈር ባለው አፓርታማው ሳሎን ውስጥም ድንኳን መትከል ሲለማመድ ሰነበተ። ገመዶቹን ከሶፋው እግርና ከቴሌቪዥኑ ማስቀመጫ ጋር አስሮ ሲያበቃ ድንኳኑ ቀጥ ብሎ ቆመለት። ደስ አለውና ውስጡ ገብቶ ሻይ ጠጣ። ጫካ ውስጥ ሶፋ እንደሌለ ትዝ ያለው ከሰነበተ በኋላ ነው።

“እራቱ በእኔ ይሁን” ማለቱም ሌላ ጉራ ነበር። ዕድሜ ለሂሻም ሚስት ለናፊሳ፣ ሙሉ ዶሮ ወጥ ሠርታ በድስት አስያዘችው። “ስማኝ” አለችው ክዳኑን በፎጣ እያሰረች፤ “ፈረሰኛውን ከላይ አድርጌልሃለሁ። እሱ የአባትየው ነው። ከሁለት እንቁላል ጋር ለብቻው ታቀርብላቸዋለህ። ሌላው ሁሉ ቢበላሽብህ ይቺን አታበላሽ።”

“አብሽሪ” አላት።

ቅዳሜ ማለዳ ሃዲያም ተጨምራ በጋሽ ዓብዱልፈታህ መኪና ጉዞ ሆነ። ጋሽ ዓብዱልፈታህ ዝምታ የሚወዱ ሰው ናቸው፤ አወል ደግሞ ዝም ከተባለ የሚጨንቀው ሰው ነው። ስለዚህ መንገዱን ሙሉ እሱ አወራ። የሚያወራው ሲያልቅበት ወደ ዛፍ ዞረ።

“ማሻአላህ፣ ምን የመሰለ ጽድ ነው!” አለ በመስኮት እያየ።

“ጽድ አይደለም” አሉ ጋሽ ዓብዱልፈታህ።

ትንሽ እንደሄዱ “ይሄኛው ግን ጽድ ነው” አለ።

“አይደለም።”

ከኋላ የተቀመጠችው ሃዲያ አፏን በሻርፗ ሸፍና ስትንፈቀፈቅ በመስታወቱ አያት። ከዚያ ወዲያ እውነተኛውን ጽድ ሲያልፉም ትንፍሽ አላለም።

ፓርኩ ሲደርሱ ቀኑ ቀን አይመስልም ነበር። ዛፎቹ ወደ ላይ የት ድረስ እንደሚሄዱ አይታወቅም፤ ጉሙ ከወገባቸው በላይ ቆርጧቸዋል። ከየቅርንጫፉ የዛፍ ሽበት ተንዠርግጎ ይንጠባጠባል። በጋ ነው በተባለበት ወር ካፊያው አያቆምም። ከዛፎቹ ማዶ ውቅያኖሱ ያጓራል። አወል ፊቱ ላይ ያረፈውን ውኃ እየጠረገ “እንዴት ደስ ይላል!” አለ፤ ሙቅ ሻወሩን በልቡ እየናፈቀ።

ጋሽ ዓብዱልፈታህ የራሳቸውን ድንኳን ዛፍ ሥር ቁጭ ብድግ እያሉ ሳያወሩ ተከሉት። ሃዲያም የራሷን ከጎናቸው ተከለች። አወል የራሱን ይዞ ዞረ። እዚህ ሥር አለ፤ እዚያ ጭቃ ነው። በዛፎቹ መሃል አሻግሮ ሲያይ የባሕሩ ዳር አሸዋ ሜዳ ሆኖ፣ ለጥ ብሎ፣ ተለስኖ ያለቀ ወለል መስሎ ታየው። ይህን የመሰለ ቦታ ባዶውን መቅረቱ ገረመው። ሰዉ ሁሉ ሞኝ ሆኖ ጭቃ ላይ የተኮለኮለ መሰለው።

ካስማውን አሸዋው ላይ ሲመታ ጋሽ ዓብዱልፈታህ ከዳር ቆመው አዩት።

“እዚያ ነው የምትተክለው?”

“አዎ ጋሼ። እይታው ራሱ!”

“ባሕሩ ማታ ይመጣል።”

አወል ሳቀ። ቀለዱ ብሎ እኮ ነው! ጋሽ ዓብዱልፈታህ የመጀመሪያ ቀልዳቸውን ነገሩኝ ብሎ ደስ አለው። “ይምጣ ጋሼ! እንግዳ አንጠላም!” አላቸው። እሱ የሚያውቀው ውኃ ከደሴ ወዲያ ያለው ሐይቅ ነው፤ ሐይቅ ደግሞ ከተፈጠረ ጀምሮ ካለበት ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ውኃው እዚያ ማዶ እየታየ፣ ማን ጠርቶት ነው እዚህ ድረስ የሚመጣው?

ሃዲያ መጥታ “አወል፣ ፕሊስ ወደ ላይ ሙቭ አድርገው” አለችው።

“አብሽሪ” አላት። ይቺን አብሽሪ የምትባል ቃል የሆነ ቀን ከምላሱ ላይ ሊነቅሉለት ይገባል።

ከምሳ በፊት በእግር ወጡ። መንገዱ በግንዶች መሃል እየተጠማዘዘ፣ በእንጨት ድልድይ እየተሻገረ ይሄዳል። ጋሽ ዓብዱልፈታህ ያረጀ ስኒከራቸውን አድርገው እንደ ወጣት ይራመዳሉ። አዲሱ ቡትስ ግን ገና በመጀመሪያው ዳገት የአወልን ተረከዝ መብላት ጀመረ። “እግርህን አመመህ እንዴ?” ሲሉት “ኧረ በፍጹም!” ይላል፤ ዞር ሲሉለት ያነክሳል። ሲመለሱ ሁለቱም ተረከዞቹ ውኃ ቋጥረዋል። ሃዲያ ፕላስተር እየለጠፈችለት “የጫካው ልጅ” አለችው ቀስ ብላ። አወል መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ከሰዓት በኋላ አባትና ልጅ እንደገና ወጡ፤ ባሕሩን ከላይ የሚያሳይ ገደል አለ ተብሎ። አወል እግሩ ስላልቻለ እራት ሊያዘጋጅ ቀረ። ጋሽ ዓብዱልፈታህ በትራቸውን አንስተው ዞር አሉና “ርቦን ነው የምንመጣው” አሉት። ቃሏ አጭር ናት፤ አወል ግን አደራ መሆኗ ገባው። ቢያንስ እራቱን አላበላሽም ብሎ ለራሱ ማለ።

የጋዝ ምድጃውን ለኮሰ። ድስቱን ጣደ። ፈረሰኛውንና ሁለቱን እንቁላል ለጋሽ ዓብዱልፈታህ በሳህን አድርጎ ከደነ፤ የሃዲያንም ለብቻ ከደነ። ክዳኑ ሲነሳ የወጡ ሽታ በእርጥቡ አየር ላይ ተሳፍሮ ካምፑን ሁሉ አዳረሰ። እንጀራውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ ጨው ደህና መሆኑን ለማየት አንዴ ጎረስ እንዳደረገ፣ ቦርሳ ያዘሉ ወጣት ወንድና ሴት ፈረንጆች ብቅ አሉ።

“ሽታው!” አለች ሴቲቱ ቆም ብላ።

ይኸኔ የአወል አፍ ባለቤቱን ሳያማክር ተከፈተ። “ቢስሚላህ! ኑ እንብላ!” አላቸው በእንግሊዝኛ።

ምን ያድርግ፣ ያደገበት ነው! ደሴ ላይ ሰው እየበላህ ሰው ካለፈ ትጠራዋለህ። አላፊውም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ “ብሉ፣ አላህ ይጨምርላችሁ” ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ሁለታችሁም ታውቁታላችሁ። የምርህን ልታበላው ከፈለግህ ተነስተህ ትለምነዋለህ፣ እጁን ይዘህ ትጎትተዋለህ፣ “ወላሂ ሳትቀምስ አታልፍም” ትላለህ። እነዚህ ግን ሳይለመኑ፣ ሳይጎተቱ፣ ወላሂ ሳይባሉ ቦርሳቸውን አውርደው ቁጭ አሉ።

አወል ክው አለ። ግን ምን ይባላል? ወጥ ጨለፈ።

ሁለቱ ጣቶቻቸውን እየላሱ “ኦ ማይ ጋድ” ሲሉ፣ ባልና ሚስት ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆቻቸውን ይዘው አለፉ። አሁን እነዚህን እያበላህ እነዚያን እንዴት ታሳልፋለህ? ልጆች ናቸው ደግሞ፤ ዓይናቸው ድስቱ ላይ ተተክሏል። አፉ ሁለተኛ ተከፈተ። አራቱም ተቀመጡ። ድስቱ አለቀ። ልጆቹ አሁንም ሲያዩት ጊዜ የሃዲያን ድርሻ አነሳ። ሃዲያ ትረዳኛለች አለ በልቡ፤ ሳቅ ትወድ የለም? ስቃ ትተወዋለች። የጋሽ ዓብዱልፈታህን ሳህን ግን ወደ ራሱ ጎትቶ በክንዱ አጠረው። አፉንም ግጥም አድርጎ ዘጋ።

ያን ጊዜ ነው አንድ አዛውንት የመጡት። ብቻቸውን ናቸው፤ ዝናቡ እስከ ሸሚዛቸው አርሷቸዋል። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሰው አይተው “መልካም ምሽት” ብለው አለፉ። አወል ምላሱን ነከሰ። አለፉ፤ ተመስገን። ግን ብዙም አልራቁም። አንድ ግንድ ላይ ቁጭ ብለው ጫማቸውን አውልቀው ውኃውን ሊያፈሱ ሲሞክሩ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ክሩን አልፈታ አላቸው።

አወል የተከደነውን ሳህን አየ። “ርቦን ነው የምንመጣው” ያሉት ትዝ አለው። ናፊሳ ትዝ አለችው። ሃዲያ ትዝ አለችው። ይህችን ሳህን ከሰጠ ነገ ለሂሻም የሚደወለው ስልክ ምን እንደሚል ያውቀዋል። ዞር ብሎ ሌላ ነገር ሊያይ ሞከረ። ሽማግሌ ሰው ግን እርጥብ ልብሱን እንደለበሰ በርዶት፣ እሱ ትኩስ ነገር በክንዱ አጥሮ እንዴት ይቀመጥ? ይኼኛው እንግዲህ አፉ አምልጦት አይደለም። ተነስቶ፣ በፕላስተር እግሩ እያነከሰ ሄዶ፣ ክሩን ፈታላቸውና እጃቸውን ይዞ አመጣቸው። ሳህኑን ከፈተው።

አባትና ልጅ ሲመለሱ ጠረጴዛቸው ላይ ሰባት የማያውቋቸው ሰዎች ተቀምጠዋል። ድስቱ ባዶ ነው። አንድ እርጥብ ነጭ አዛውንት የአወልን ጃኬት ደርበው ፈረሰኛውን በሁለት እጃቸው ይዘው ይግጣሉ።

ጋሽ ዓብዱልፈታህ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ። “እነማን ናቸው?”

“አላውቅም ጋሼ” አለ አወል። ሌላ ምን ይበል?

“ያ የያዙት የማን ነው?”

“የእርስዎ ነበር።”

ሃዲያ ዓይኗን ጨፈነች። አዛውንቱ ግን የሚባለው አልገባቸውም። አዲስ ሰው መጥቶ መቆሙን ብቻ አዩና ፈገግ ብለው ጠጋ አሉ። “ና ወዳጄ፣ ተቀመጥ! አብረን እንብላ! ይሄ ልጅ የሚሠራው ምግብ ለጉድ ነው!” አሏቸው በእንግሊዝኛ። ከሁለቱ እንቁላሎች የቀረችውን አንዷን ለሁለት ከፍለው ግማሿን ዘረጉላቸው።

ጋሽ ዓብዱልፈታህ እንቁላሏን አዩ። አወልን አዩ። ከዚያ “ቢስሚላህ” ብለው ተቀምጠው ተቀበሉ። በገዛ እራታቸው ላይ ተጋበዙ።

አወል ጠጋ አላቸው። አንድ ነገር ብሎ ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ከልጆቹ አንዷ ጮኸች። “ድንኳኑ! ድንኳኑ!”

ሁሉም ዞሩ። ባሕሩ መጥቷል። እንዲያው ዝም ብሎ፣ እንደ ባለቤት፣ ማንንም ሳይጠይቅ አሸዋውን ሁሉ ወርሶ የአወልን ድንኳን ከብቦታል። ከካስማዎቹ ሦስቱ ተነቅለዋል፤ ድንኳኑ በአንዱ ተይዞ እየዋኘ ነው።

አወል በባዶ እግሩ ሮጠ። “ያረቢ! ያረቢ!” እያለ እስከ ጉልበቱ ገባ። አንዱን ጫፍ ሲይዝ ሌላው ያመልጠዋል፤ ማዕበሉ ሲመለስ እሱንም ከነድንኳኑ ይዞት ሊሄድ ነበር። እንግዶቹ ባይኖሩ አለቀለት። ወጣቶቹ ጫማቸውን ሳያወልቁ ገቡ፤ የልጆቹ አባትና እናት ተከተሉ፤ አዛውንቱ እንኳ ከእንግዲህ የሚረጥብ ልብስ የለኝም ብለው መሰለኝ ዘለው ገቡ። ድንኳኑን በአራት ማዕዘን ይዘው፣ እንደ ጀናዛ ተሸክመው፣ ዛፎቹ ሥር አመጡት። ሲያጋድሉት ከውስጡ ውኃው፣ የመኝታ ከረጢቱ፣ የናፊሳ ፎጣና ገና ያልተነበበው የአተካከል መመሪያ አብረው ፈሰሱ።

ሃዲያ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። ሆዷን ይዛ ግንድ ላይ ተቀመጠች።

እንግዶቹ አመስግነው ወደየድንኳናቸው ሄዱ። አወል እሳቱ አጠገብ ጋሽ ዓብዱልፈታህ ባዋሱት ሰፊ ሱሪ ተቀመጠ። እግሩ ያቃጥለዋል፤ ጥርሱ ይጋጫል። የሚያጣው ነገር የቀረው አልመሰለውም።

“ጋሼ” አለ። “እኔ የጫካ ልጅ አይደለሁም።”

“ኧረ?” አሉ ጋሽ ዓብዱልፈታህ።

“ወላሂ። ውጭ አድሬ አላውቅም። ድንኳን የተከልኩት ሳሎን ውስጥ ነው፤ እሱንም በሶፋ ነው። ወጡንም የሠራችው የሂሻም ሚስት ናት። ለልጅዎ ስል ነው የዋሸሁት። እወዳታለሁ። እራትዎም ሊቀመጥልዎ ይገባ ነበር፤ ሽማግሌው ግን በርዷቸው ሳይ አላስቻለኝም።”

ጋሽ ዓብዱልፈታህ እሳቱን ቆሰቆሱ። “በል እኔ ጋ ግባና ተኛ” ብቻ አሉት።

አወል ጠዋት ሲነሳ ዓይኑ ደም ለብሷል። ማንኮራፋታቸውን ተዉት፤ እሱን ያላስተኛው ዝምታቸው ነው።

ዕቃ ጭነው ስልክ ከሚይዝበት ኮረብታ ሲደርሱ ጋሽ ዓብዱልፈታህ መኪናውን ዳር ላይ ፓርክ አደረጉ። ስልካቸውን አወጡ። ጆሯቸው ደከም ስላለ ስፒከር ላይ ነው የሚያወሩት። አወል ወርዶ የጭነቱን ገመድ የሚያጠብቅ መሰለ፤ ሃዲያም ወርዳ ከጎኑ ቆመች። ሁለቱም አልተያዩም።

“ሂሻም” አሉ ጋሽ ዓብዱልፈታህ። “ልጁን አየሁት።”

“እሺ ጋሼ።”

“ድንኳን አይችልም። መንገድ አይችልም። ዛፍ አያውቅም፣ ባሕርም አያውቅም። እራቴን ለመንገደኛ አብልቶ ጦሜን አሳድሮኛል።”

አወል ገመዱን ጭምድድ አድርጎ ያዘ። ሃዲያ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ዛፎቹ ዞረች።

ሂሻም ከወዲያ ድምፁ ሞቶ “እንግዲህ ጋሼ፣ አላህ ካላለው…” አለ።

“ቆይ፣ አልጨረስኩም። የሰርጉን ጥሪ እሱ እጅ ላይ እንዳትጥሉት። መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ይጠራል። አዳራሽ አይበቃንም።”

“የምን ሰርግ ጋሼ?”

“የልጄ ነዋ! ሌላ የማን ሰርግ አለኝ?”

አወል ገመዱን ለቀቀው። ሃዲያ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች፤ ትከሻዋ የሚንቀጠቀጠው በሳቅ ይሁን በለቅሶ አልለየም። ምናልባት በሁለቱም።

በዚህ መሃል አንዲት አሮጌ መኪና ከኋላቸው መጥታ ዝግ አለች። መስኮቷ ሲወርድ የማታው አዛውንት ናቸው፤ የአወልን ጃኬት አሁንም ለብሰውታል። “ምነው፣ ደህና ናችሁ? ምን ተፈጠረ?” አሉ።

“ልንጋባ ነው!” አለ አወል፤ እንባው እየወረደ። “እርስዎም ይምጡ!”

“አወል!” ብለው አባትና ልጅ እኩል ጮኹ።

አዛውንቱ ግን ሳይለመኑ፣ ሳይጎተቱ፣ ወላሂ ሳይባሉ፣ ኪሳቸው ገብተው ስልካቸውን አወጡና “መቼ ነው?” አሉ።